የሱሪ ልክ

ልጁን ጓደኞቹ «ኩንታል» ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ዶርም አብሮት የሚኖረው የሕግ ተማሪ ነው። እሱንም በተራው ለክርክር ስለማይሰንፍ «ጠበቃው» ስለሚሉት፣ በዚህ በኩል ማንም የማንም ባለዕዳ አይደለም። ኩንታል ስሙን አልጠላውም። ሥነ ሕንፃ የሚማር ሰው ክብደት በተነሳ ቁጥር አኩርፎ አይችለውም እያለ ራሱም ይስቅበታል።

ከልጅነቱ ወፍራም አልነበረም። ያወፈረው ትምህርቱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሥነ ሕንፃ ተማሪ እንደ ሰው ቁጭ ብሎ አይበላም። ካርቶን እየቆረጠ፣ ሙጫ እየቀባ፣ መምህሩ መጥተው «ይህ ግድግዳ ምን ተሸክሞ ነው የቆመው?» የሚሉትን እየፈራ፣ በተረፈችው እጁ ያገኘውን ወደ አፉ ይወረውራል። የሚያገኘው ደግሞ ሁልጊዜ ያው ነው። ከግቢው ላውንጅ የሚመጣ የተጠበሰ ድንች፣ ብስኩት፣ ለስላሳ፣ ስኳሩ ሟሙቶ ያላለቀ ሻይ። ምን በላህ ቢሉት አያስታውስም፤ እንዲያውም ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመስኩም ብሎ የሚያማርርበት ቀን ይበዛል።

ታዲያ የወፈረውን ያህል መወፈሩን አላወቀም። ለዚህ ተጠያቂው አባቱ ናቸው።

አባቱ ልብስ ሰፊ ናቸው። ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ሳሎናቸውን በመጋረጃ ለሁለት ከፍለው፣ ከመንገድ ወገን ባለው ይሰፋሉ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ይኖራሉ። ሌላ ጊዜ ዝምተኛ ናቸው፤ ስለ ሙያቸው ሲነሳ ግን ትንሽ ኩራት ቢጤ አያጣቸውም። እሳቸው የሚሰፉት ሱሪ የቀበቶ ማስገቢያ የለውም። ቀበቶ የሚያስፈልገው ሰፊው ልኩን ላላወቀለት ሰው ነው ይላሉ። ሜትሩን አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ደንበኛ ደስ እንዲለው ነው እንጂ፣ የቤታቸውን ሰው ለክተው አያውቁም። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዶርም ሲመጣ በር ላይ አንዴ ከላይ እስከ ታች ያዩታል፤ ይበቃቸዋል። ሁለት ሱሪ አለው። ለብሶ የመጣውን አውልቆ ሌላዋን ለብሶ ይመለሳል። የተዋት በሳምንቱ ታጥባ፣ ተተኩሳ፣ ወገቡ ላይ እንደ ተቀባች ልክክ ብላ ትጠብቀዋለች። ኮሌጅ ከገባ ጀምሮ አንድም ቀን ሱሪ ጠቦት አያውቅም። መወፈር ማለት ሱሪ ሲጠብ ነው ብሎ የሚያምን ልጅ፣ ሱሪው ካልጠበበ በምን ይወቀው?

ያወቀው በኮሌጁ ክሊኒክ ነው። ለራስ ምታት ክኒን ሊለምን ገብቶ ነበር። ተማሪው ሁሉ «ሲስተር» የሚላት ነርስ፣ ክንዱ ላይ ያሰረችውን የደም ግፊት መለኪያ ፈታ እንደገና አሰረችው። አሁንም ፈታ በሌላኛው ክንዱ ሞከረችው። ከዚያ ሚዛን ላይ አወጣችው። ሲወርድ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ግፊቱ ለእሱ ዕድሜ የማይገባ መሆኑን፣ ኪሎውን ካልቀነሰ ክኒን ሊጀመርለት፣ ከተጀመረም ዕድሜ ልኩን ሊውጠው እንደሚችል፣ ሳታስፈራራም ሳታባብልም ነገረችው። ጊዜ ሰጠችው፤ እስከ ተርሙ መጨረሻ። እስከዚያ ድረስ ግን ዓይኑን ማየት እንደማትፈልግ አስጠነቀቀችው። ጠዋትና ማታ ሚዛኗ ላይ እየወጡ ግማሽ ኪሎ ጨመርኩ ብለው የሚያለቅሱ ተማሪዎች አሰልችተዋታል።

«ሚዛን ምን ያደርግልሃል» አለችው። «ሱሪህን ጠይቀው። ሲሰፋህ እየቀነስክ ነው ማለት ነው።»

ምክሩ ለማንም ቢሰጥ ጥሩ ምክር ነው። ለልብስ ሰፊ ልጅ ሲሰጥ ግን ጣጣ አለው።

ለአባቱ አልነገራቸውም። እናቱ እሱ ገና የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ ታማ ነው የሞተችው። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት ውስጥ በሽታ የሚባል ቃል አይነሳም። ጉንፋን «ድካም» ነው፤ ትኩሳት «ፀሐይ ነው የመታኝ» ይባላል፤ አባቱ ጥርሳቸውን የተነቀሉ ቀን እንኳ «ጉዳይ ነበረኝ» ነው ያሉት። ግፊት አለብኝ ብሎ እንቅልፍ ከሚነሳቸው፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ እያሳቀ ቢነግራቸው እንደሚሻል ወሰነ። ውሳኔው የደግ ልጅ ውሳኔ ነበር።

ጀመረም። መጀመሪያ ያደረገው ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ላውንጁን ተሰናበተ። ጠዋት እንቁላል ይቀቅላል፤ አንዱን በልቶ አንዱን በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ ይወጣል። ካሮት ልጦ ከእርሳሶቹ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ስለሚከት፣ አንድ ቀን መምህሩ ፊት በካሮት ሊያሰምር እጁን ዘርግቶ ነበር። ሻይ ያለ ስኳር ሲጠጣ ፊቱ የሚሆነውን ለማሳየት ጠበቃው ከጎረቤት ዶርም ሰው ይጠራል። ስቱዲዮው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱን ተወና በደረጃ መውጣት ያዘ። እሑድ ባቄላ ቀቅሎ፣ ጎመን ከትፎ ለሳምንቱ ያሰናዳል። እስከዛሬ ደህና ነገር ለመብላት ጊዜ የለኝም ሲል የኖረው ልጅ፣ ይህ ሁሉ ላውንጅ ተሰልፎ ከመዋል ያነሰ ጊዜ እንደሚወስድ ሲያውቅ በራሱ ተናደደ።

ቅዳሜ ደረሰና ቤት ሄደ። ሱሪ ቀየረ። ልክ ነው። በቀጣዩ ቅዳሜም ልክ ነው። ወር አለፈ፣ ሌላም ወር ገባ፤ ሱሪው ንቅንቅ አላለም።

ሰው አልነገረውም እንዳይባል ተነግሮታል። ጠበቃው «ኧረ ኩንታል፣ ከሳህ እኮ» ብሎታል። የላውንጁ አስተናጋጅም መንገድ ላይ አግኝታው ይህንኑ ብላዋለች። ግን «ከሳህ» ምን ማስረጃ ይሆናል? ሰው ሳምንት ከተለያየ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ከሳህ ነው የሚለው፤ የሰላምታው ጭራ ነው። ኩንታል ያዘኑለት መሰለው። የዶርሙ መስተዋት ጉንጭ ለመላጨት እንጂ ለሌላ የማትበቃ ስባሪ ናት። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ዓይናቸው የማይስተው አባቱ አንድም ቀን ከሳህ ብለውት አያውቁም። ቀንሼ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚያዩት እሳቸው ነበሩ ብሎ ደመደመ።

«ሱሪ አይዋሽም» አለው ለጠበቃው።

«ምስክርህ ዘመድህ እንዳይሆን» አለ ጠበቃው፣ መጽሐፉን እያገላበጠ። ለቀልድ ነው ያለው። ምን ያህል ልክ እንደተናገረ እሱም አላወቀም።

ከዚህ በኋላ ጤና መጠበቅ የሚባለው ነገር አበቃና እልህ ተተካ። ዳቦ ቀረ። ባቄላው ቀረ። ሁለቱ እንቁላል አንድ ሆነ፣ አንዱም ግማሹ ለጠበቃው ተሰጠ። ራት ማለት ውሃና ካሮት ሆነ። ስቱዲዮ ውስጥ የሰው ብስኩት ሲከፈት የወረቀቱ ድምፅ ብቻ አፉን ምራቅ ይሞላዋል። መስመር ሲያሰምር እጁ ይንቀጠቀጣል፤ መምህሩ መስመርህ ምን ነካው ሲሉት ቡና አብዝቼ ነው ይላል። ቡናም አልጠጣም። እውነቱን ለመናገር ፈርቶ ነበር። ተርሙ ሊያልቅ ነው፣ ሰውነቱ እንቢ ብሏል፣ በዚህ ዕድሜው የክኒን ቁራኛ ሊሆን ነው። ቅዳሜ አባቱ ምግብ ሲያቀርቡለት በልቼ ነው የመጣሁት እያለ ይገፋዋል። እሳቸውም ሳህኑን ዝም ብለው ያነሱታል። አለመለመናቸው አላስገረመውም።

የወደቀው በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የፕሮጀክቱን ሞዴል መምህራኑ ፊት ሲያቀርብ ነው። የሠራው ባለ ሁለት ፎቅ ቤተ መጻሕፍት ነበር። ስለ ብርሃን አገባቡ እያስረዳ ሳለ ዓይኑ ጨለመበትና ከነቁመቱ ጣሪያው ላይ ተዘረጋ። ኋላ ላይ የስቱዲዮ ልጆች፣ ሕንፃውን በገዛ እጁ የመረቀም ያፈረሰም እሱ ብቻ ነው እያሉ ሲስቁበት ከርመዋል። ያን ዕለት ግን የሳቀ የለም። ተሸክመው ክሊኒክ አደረሱት።

ሲስተር ወዲያው አላወቀችውም። ካርዱን አይታ ፊቱን አየች፤ እንደገና ካርዱን አየች። ጭማቂ አስጠጥታ፣ ነፍስ ሲዘራ ሚዛን ላይ አቆመችው። ከጠየቀችው በላይ፣ ከሚገባውም በላይ ቀንሷል። ግፊቱን ለካች፤ ወርዷል፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ ወርዷል። ያን ጊዜ ልክ ልኩን ነገረችው። ቀንስ አልኩህ እንጂ ሙት አልኩህ ወይ፣ ይህን ያህል ሲወርድ ምነው አላቆምክም አለችው።

«ሱሪዬ አልሰፋም እኮ» አላት።

ሲስተር ሁለት ጣቷን በወገቡ በኩል ልታስገባ ሞከረች። አልገባም። ልክ ነው። ሁለቱም ሱሪውን ትንሽ አዩት።

«ወይ ሚዛኔ ይዋሻል፣ ወይ ሱሪህ» አለች። «ሚዛኔ ደግሞ ሰሞኑን ነው የተስተካከለው።»

ምግብ እንዲበላ፣ በየቀኑ እየመጣ እንዲታይ አዝዛ ለቀቀችው። ዶርም ሄደና አልጋው ላይ ተቀምጦ ሱሪውን አወለቀ፤ ገለበጠውም። ልብስ ሰፊ ቤት ያደገ ልጅ ሱሪ ገልብጦ አለማየቱ ያሳፍራል፤ ግን ማን የሚወደውን ሰው ሥራ ገልብጦ ያያል? የኋላው ስፌት ላይ የአባቱ ጠንካራ ክር አለ። ከክሩ ጎን የተተረተረ ስፌት የመርፌ ቀዳዳ በመስመር ተደርድሯል። ከዚያ ጎን ሌላ መስመር፣ ከዚያም ሌላ፤ ቅዳሜ በቅዳሜ ወደ ውስጥ እየገባ የመጣ። ትርፉ ጨርቅ ታጥፎ፣ ተተኩሶ፣ እንዳይቆረቁር በእጅ ስፌት ተይዞ ኪሱ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። በሌላ በኩል ደግሞ የቆዩ ቀዳዳዎች አሉ፤ እነዚያ ወደ ውጭ የሄዱ ናቸው። የወፈረበትም የከሳበትም ጊዜ እዚያው ተጽፎ ነበር።

ተናደደ። ሲናደድ ደግሞ ያ ሁሉ ረሃብ አብሮ ተነሳበት። የጠበቃውን ሱሪ ለብሶ፣ የራሱን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ከቶ፣ በዚያው ከሰዓት አውቶብስ ተሳፈረ።

አባቱ ልጃቸውን በሥራ ቀን በር ላይ ሲያዩት እግራቸው ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ተነሳ። መኪናው ትንሽ ሮጦ ቆመ። ልጁ ሰላምታም አላስቀደመም። ሱሪውን እንደተገለበጠ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«አባባ፣ ይህ ምንድን ነው?»

አባቱ ሱሪውን አላዩትም። ፊቱን ነው ያዩት።

«ሐኪሞቹ ምን አሉህ?» አሉ። «ስንት ጊዜ ነው የሰጡህ?»

ልጁ ጥያቄው አልገባውም። በንዴቱ መሃል የተጠየቀውን ብቻ መለሰ።

«እስከ ተርሙ መጨረሻ ነበር የሰጠችኝ።»

አባቱ ደንበኛ የሚቀመጥበትን በርጩማ በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። ሁለቱንም መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው መሬት መሬት አዩ። ልጁ ምን ብሎ እንደመለሰ የገባው ያኔ ነው። ንዴቱ የት እንደሄደ አላወቀም። ተንበርክኮ እጃቸውን ያዘና አባባ አልታመምኩም፣ ወፍሬ ነበር፣ ግፊት አለብህ ስባል ለመቀነስ ብዬ ነው፣ ጊዜ የሰጠችኝ ኪሎ እንድቀንስበት ነው እያለ በአንድ ትንፋሽ ሁሉንም ዘረገፈው።

«እናትህም አልታመምኩም ነበር የምትለው» አሉ።

ከዚያ፣ አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ ስለ እሷ አወሩ። መክሳት ስትጀምር ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ መንጠልጠል ያዘ። መስተዋት ፊት ቆማ ጨርቁን ከኋላዋ በእጇ ጨብጣ ስትሰበስብ አይተዋት አላስቻላቸውም። ከሰዓት ጋደም ስትል ቀሚሷን ወስደው አጠበቡት። ስትነቃ ለበሰችው፣ ልኬ ነው አለች፣ ያን ዕለት ሾርባ ጠጣች። ስለዚህ በየሳምንቱ አጠበቡ። ሐኪሙ ሌላ ይላል፣ ቀሚሱ ሌላ ይላል፤ እሷ ቀሚሱን አመነች፣ ወይም ለእሳቸው ስትል ያመነች መሰለች፤ የትኛው እንደሆነ ዛሬም አያውቁም። ልጃቸው በበር ሲገባ ሱሪው ወገቡ ላይ አየር ሲይዝ ያዩ ቅዳሜ፣ ያው ነገር መጣ አሉ። ሊጠይቁት ፈሩ። እጃቸው የሚያውቀውን ሥራ ሠራ። ሰሞኑን ምግብ ሲገፋ ሲያዩ፣ የት እንደሚቀብሩት ማሰብ ጀምረው ነበር። ይህንንም ነገሩት።

ልጁ ያቺን ቀሚስ ያስታውሳታል። እናቱ ለብሳት ፊቱ ዞር ዞር ብላ፣ «ልኬ አይደለችም?» ብላዋለች። ልክሽ ናት ብሏታል። ትምህርት ቤት ሄዶ እናቴ ዳነች ብሎ አውርቷል።

«ያረፈች ቀን ኳስ ልጫወት የሄድኩት ደህና ናት ብዬ ነው» አለ። «ቀሚሷ ልኳ ስለነበረ። ያለዚያ አልሄድም ነበር።»

አባቱ አውቃለሁ ማለትም ይቅር በለኝ ማለትም ነበረባቸው፤ ሁለቱንም መናገር አልለመዱም። ከመንገድ አንድ ደንበኛ በመስኮት ብቅ ብሎ ልብሴ ደረሰ ወይ አለ፤ ነገ አሉት፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። ደንበኛው ሄደ።

ምላጭ አነሱና ሱሪውን ወደራሳቸው ሳቡት። የመጨረሻውን ስፌት ተረተሩ። የእጅ ስፌቱን ፈቱ፤ የታጠፈውን ጨርቅ ዘረጉ። በሁለት ወር የጠበበውን በአንድ ቁጭታ መልሰው ወደ ነበረበት አሰፉት። እጃቸው ቸኩሎ አያውቅም፤ ዛሬም አልቸኮለም። ክሩ ጉልበታቸው ላይ ሲከመር አላራገፉትም። ሲጨርሱ ሱሪውን አቀበሉት፤ ልጁ ከመጋረጃው ጀርባ ለብሶ ወጣ። ካልያዘው የሚወርድ ስለሆነ ወገቡን በአንድ እጁ ጨብጦ ነው የቆመው። በጨርቁና በሆዱ መካከል ሌላ ሰው የሚያስገባ ቦታ ነበር።

አባቱ እንዲህ ያለ ነገር ማየት አይችሉም። ዓይናቸውን ሊሰብሩ ቃጣቸው፣ ከዚያ ግን ቀና ብለው አዩት፤ ወገቡን አዩ፣ ክንዱን አዩ፣ ጉንጩ የገባበትን አዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በአፋቸው አሉት።

«ከሳህ።»

«ከሳሁ፣ አባባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ተነሥተው ከበርጩማው ላይ ክሩን ጠረጉ፣ መኪናውን በጨርቅ ሸፈኑ።

«ነገ ሲስተሯ ጋ አብሬህ እሄዳለሁ» አሉ። «የምትለውን እኔው በጆሮዬ ልስማ። ክፉም ቢሆን አትደብቁኝ።»

«ክፉ አይደለም እኮ። ብላ ነው ያለችኝ።»

«ቢሆንም» አሉ።